ኮምቦልቻ ያሳድጋል፣ ደሴ ያቆያል

(በደሴ ከተማ በተካሄደ የአበባ አፍቃሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ ከሐይቅና ከሐርቡ ድረስ መጥታችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣

እንኳን በደኅና መጣችሁ። ዛሬ ከእኔ የሚጠበቀው ስለ ትንሿ የአብቃዮች ስብስባችን ሥራ መናገር ነው። በሩ ላይ ቆሜ ስቀበላችሁ ብዙዎቻችሁ በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ተክሎች አይታችሁ «ይህ እሬት ነው ወይስ ቃጫ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሦስቱም ቅጠል ከአንድ መሐል ተነሥቶ ዙሪያውን ይዘረጋል፣ ጠርዙም ብዙ ጊዜ እሾሃማ ነው። ዝምድናቸው ግን የተለያየ ነው። እነዚህ የአናናስ ዘመዶች ናቸው፤ በሳይንሱ ብሮሚሊያድ ይባላሉ፤ ስማቸውም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ኦሎፍ ብሮሜሊየስ ከተባለ ስዊድናዊ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ የመጣ ነው። ወገኑ ከ3,000 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። ከነዚያ ሁሉ አንዱ ብቻ፣ ፒትካይርኒያ ፌሊሲያና የሚባለው፣ በምዕራብ አፍሪካ በጊኒ ቋጥኞች ላይ ይበቅላል፤ የቀሩት በሙሉ የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው። አናናስን ራሱን አውሮፓውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1493 ኮሎምበስ በሁለተኛ ጉዞው ጓዴሎፕ ደሴት በደረሰ ጊዜ ነው። ዛሬ በአገራችን ሲዳማ ውስጥ በአለታ ጩኮ አካባቢ ይለማል፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ከጭማቂ ቤት ገብቶ ያልቀመሰው ሰው የለም።

ስብስባችንም የተጀመረው በአናናስ ጉትዬ ነው። አንዲት የኮምቦልቻ እኅታችን ከገበያ የገዙትን አናናስ ሲልጡ፣ አናቱ ላይ ያለውን የቅጠል ጉትዬ ከመጣል ይልቅ ሁለት ቀን አድርቀው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ተከሉት። እኔም በዚያው ሰሞን እዚህ ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ እንደዚሁ ተክዬ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የእርሳቸው ፍሬ ያዘ፤ ፍሬው ከጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ቢሆንም ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነበር። የእኔው ግን ሦስቱንም ዓመት ቅጠሉ እየቀላ፣ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ብቻ እየጨመረ፣ ቆሞ ቀረ። ሁለታችን አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ይህን ስንነጋገር ነው፣ ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ሁሉ መነሻ የሆነው ነገር የተገለጠልን። በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይሞላው የሁለቱ ከተሞች ርቀት ለተክል ትልቅ ርቀት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። ቦርከናን ተከትሎ የሚወርደው መንገድ ከብርድ ልብስ ወደ ነጠላ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ እኛ ይህን እንደ ችግር ከማየት ይልቅ እንደ ሁለት ክፍል ያለው አንድ ቤት ልንጠቀምበት ወሰንን።

የተክሉን ጠባይ ሳልገልጽ ወደ ሥራችን ብገባ ግን የምናደርገው ነገር ምክንያቱ አይገባም። እባካችሁ ከፊት ያላችሁ ይህን ባለ ነጭ ሽንትር ተክል ተመልከቱ። አክሜያ ፋሺያታ ይባላል፤ አገሩ ብራዚል ነው፤ እኛ በመካከላችን «ባለብሩ» እንለዋለን። የቅጠሎቹ ሥር እርስ በርስ ተደራርቦ መሐሉ ላይ ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ ሠርቷል፤ ይህን «ጽዋ» ብለን ሰይመነዋል። አሁን ጣቴን በቅጠሉ ላይ ሳሳልፈው ብሩ እንደ ዱቄት ተነሥቶ አረንጓዴ መስመር ይቀራል። ያ የተነሣው አቧራ አይደለም፤ ተክሉ ውሃና ማዕድን የሚጠጣባቸው ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው፤ ከተጠረጉ በኋላ ተመልሰው አይበቅሉም። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ቅጠሉን በጨርቅ መወልወል የለመዳችሁ ሁሉ ከዚህ ተክል ላይ እጃችሁን እንድታነሡልኝ እለምናለሁ። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ በዱር ሳሉ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩ ናቸው፤ ሥራቸው ቅርንጫፍ መጨበጫ እንጂ ዋና የውሃ መሳቢያ አይደለም። የዛፉን ምግብ አይወስዱም፤ የሚኖሩት በዝናብ፣ በጉምና በጽዋው ውስጥ ወድቆ በሚበሰብስ ቅጠል ነው። ቲላንድሲያ የሚባሉት ደግሞ ብዙዎቹ ጽዋም አፈርም አያሻቸውም፤ በደጋ ደኖቻችን ጥድ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለውን ሽበት የሚመስል አንድ ዝርያቸው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ዛፎችን ሸፍኖ ይኖራል፤ ድሮ ፍራሽና የወንበር መቀመጫ ይሞላበት ነበር።

በጽዋው ውስጥ የሚኖረው ሕይወት ብቻውን የአንድ ቀን ንግግር ይወጣዋል። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። በጃማይካ ደሴት ዕድሜዋን ሙሉ በብሮሚሊያድ ጽዋ ዙሪያ የምትኖር ትንሽ ሸርጣን አለች። እናቲቱ ልጆቿን በጽዋው ውሃ ውስጥ ታሳድጋለች፤ የወደቀውን ቅጠል እያወጣች ውሃውን ታጠራለች፤ የልጆቿ ቅርፊት እንዲጠነክርም ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተሸከመች አምጥታ ውሃው ውስጥ ትጨምራለች፤ ቅርፊቱ ሲሟሟ ካልሲየም ይሰጣቸዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ በረንዳዬ ላይ ያለውን ተክል እንደ ጌጥ ማየቴን የተውሁ ይመስለኛል።

ወደ ዋናው ጠባዩ ልመለስ። ብሮሚሊያድ፣ ጥቂቶቹ ሲቀሩ፣ ከአንድ ግንድ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። አበባው ጉዝማኒያ በሚባለው ዓይነት ላይ ለወራት ደምቆ ሊቆይ ይችላል፤ ካበበ በኋላ ግን ያ ግንድ ሌላ አበባ አያወጣም፤ ቀስ በቀስ፣ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ይደርቃል። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአጥር ላይ ያለው ቃጫ ረጅሙን ዘንግ አውጥቶ ካበበ በኋላ ሲደርቅ ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል፤ ድፎ ዳቦ የምንጠቀልልበት ኮባም አንዴ አብቦ ያበቃል። በፔሩና በቦሊቪያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ትልቁ የብሮሚሊያድ ወገን፣ ፑያ ራይሞንዲ፣ አሥርታትን ቆጥሮ፣ አንዳንዴም ወደ መቶ ዓመት ተጠግቶ፣ ብዙ ሜትር የሚረዝም አበባ አንድ ጊዜ ያወጣና ይሞታል። በቤታችን የምናሳድጋቸው ግን እናቲቱ ከመድረቋ በፊት ከጎኗ ልጆች ታወጣለች። ተክሉ የሚቀጥለው በእነዚህ ልጆች ነው።

ከሱቅ ገዝተው የሚያሳድጉ ሰዎች የሚያዝኑትም እዚህ ላይ ነው። አበባው ሲጠወልግ «ሞተብኝ» ብለው ከነማሰሮው ያወጡታል። ከዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ከአጥሩ ጥግ የጣሉትን ጉዝማኒያ አንሥቼ ገልበጥ ሳደርገው፣ ከደረቀው ቅጠል ሥር እንደ አውራ ጣት የሚያህሉ ሦስት ልጆች ተደብቀው ነበር። ዛሬ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ቀይ አበባ ይዘው ከቆሙት ሁለቱ የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። ለጎረቤቴም አንዱን መልሼላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል።

እንግዲህ የስብስባችን ዋና ሥራ ይህ ነው፦ ልጅ መለየት፣ ማሻገር፣ መመዝገብ። ሥራውን በቅርብ እንድታዩት አሁን አንዱን እለያለሁ። መጀመሪያ የሚታየው የልጁ ቁመት ነው፤ የእናቱን ሲሶ ሳይደርስ የተለየ ልጅ ብዙ ጊዜ ይቀጭጫል፤ ወደ ግማሽ ቢጠጋ ደግሞ የተሻለ ነው። ማሰሮውን አውልቄ አፈሩን አራግፋለሁ። እነሆ፣ ልጁ ከእናቱ ጋር የተያያዘበት አንገት ይህ ነው፤ እንጨት መሰል፣ ጠንካራ። በሳሙና የታጠበ ስለታም ቢላ ወደ እናቲቱ አስጠግቼ አንድ ጊዜ እቆርጣለሁ፤ ወደ ልጁ ከተጠጋሁ የልጁን ሥር መነሻ እጎዳለሁ። ድምፁን ሰማችሁት፤ ሸንኮራ እንደመቁረጥ ነው። የተቆረጠው ቦታ ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይድረቅ። ከዚያ በከሰል ስብርባሪ፣ በዛፍ ቅርፊትና ግንበኞች ሬድ አሽ በሚሉት ቀላል ቀይ ድንጋይ ድብልቅ ውስጥ፣ እንዳይወዛወዝ ብቻ ያህል፣ ይተከላል። ተራ የጓሮ አፈር ውሃ ይዞ ሥሩን ስለሚያፍን አንጠቀምበትም። ማሰሮ ለመግዛት ገንዘብ ማውጣትም አያስፈልግም፤ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ታችኛው ከተበሳ፣ ለአንድ ዓመት ይበቃል።

የተለየው ልጅ እዚህ ደሴ አይቀመጥም፤ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የደሴ ውርጭ፣ ሥር ያላበጀ ልጅ ጽዋው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ካደረ መሐሉ ይበሰብሳል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ግን በጥቂት ሳምንታት ሥር ይሰዳል፤ ልጅነቱንም በፍጥነት ይጨርሳል። የኮምቦልቻ አባሎቻችን የስንቱን ቤት ልጅ እንደሚያሳድጉ ሳስብ ምስጋናዬ ቃል አይበቃውም፤ አንዳንዶቹ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥተው እንቅልፍ ሳይተኙ የሚያጠጡ ናቸው። ተክሉ አድጎ አበባ ሲይዝ ደግሞ ወደ ደሴ ይወጣል። በብርዱ አበባው ቶሎ አያረጅም፤ ኒዮሬጌሊያ የሚባሉትም ብሩህ ብርሃንና ቀዝቃዛ ሌሊት ሲያገኙ ቀይና ሐምራዊው ቀለማቸው ይጎላል። ኮምቦልቻ ያሳድጋል፣ ደሴ ያቆያል የምንለው ለዚህ ነው። ደሴ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሳይወርዱ የሚቆዩም አሉን፤ በተለይ ቢልቤርጂያ ኑታንስ፣ አበባው እንደ ጉትቻ የሚንጠለጠለው፣ ብርድን ስለሚችል ለጀማሪ የደሴ ሰው የምንሰጠው እርሱን ነው።

መዝገቡን ጥቂት ሰው እንደ ትርፍ ሥራ ያየዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድማለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር አለው፤ ከቁጥሩ አጠገብ የእናቱ ቁጥር፣ የተለየበት ቀን፣ የወሰደው ሰው ስም ይጻፋል። በተክሉ ላይ የሚሰካውን ምልክት ከነጭ ጀሪካን ቆርጠን እንሠራለን፤ ጽሑፉም በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶና ማርከር ፀሐይ ላይ በወራት ውስጥ ሲጠፉ እርሳስ ዓመታትን ይቆያል። ይህን የተማርነው አንድ መደርደሪያ ሙሉ ተክል ስሙ ጠፍቶብን ካዘንን በኋላ ነው። በመዝገቡ ላይ የሳይንሱንም የእኛንም ስም እንጽፋለን፦ ቭሪሲያ ስፕሌንደንስ «ባለሰይፉ»፣ ጉዝማኒያ «ችቦ»። የራሳችን ስም ለአንደበት ይመቻል፤ የሳይንሱ ስም ደግሞ የሌላ አገር አብቃይ ስለዚያው ተክል የጻፈውን አንብበን እንድንረዳ ያስችለናል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለውን ሥራ በማኅበር ማካሄድ የቆየ ልማድ ነው። ዓለም አቀፉ የብሮሚሊያድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950 በሎስ አንጀለስ ተመሥርቷል፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ በብራዚል ጫካዎች ብዙ የተጓዘው ፍሎሪዳዊው ሙልፎርድ ፎስተር ነበር፤ ሰዎች አዳቅለው ያወጧቸውን ዝርያዎች ስም የሚመዘግበውም ይኸው ማኅበር ነው። ምዝገባ የአብቃይ ግማሽ ሥራ ነው የምለው ከራሴ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ስለ አንድ ጥፋቴ እናገራለሁ፤ ሌላው እንዳይደግመው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጉዝማኒያዎቼ ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁና፣ ለድንች በሽታ ከሚረጨው ዱቄት ተርፎኝ የነበረውን በውሃ በጥብጬ ጽዋው እስኪሞላ ረጨሁ። በሳምንቱ የመሐሉ ቅጠል ጠቆረ። አንዱን ይዤ ሳብ ባደርገው ያለ ምንም ትግል ከሥሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ታችኛው ጫፉ እንደ በሰበሰ ሙዝ ሆኖ ነበር። ሁሉም ሞቱ። የዱቄቱን ከረጢት ያን ጊዜ አንብቤ ነው ኮፐር ያለበት መሆኑን ያወቅሁት። መዳብ ለብሮሚሊያድ መርዝ ነው፤ በእነዚያ ጥቃቅን ቅርፊቶች በኩል በቀጥታ ይገባል። ስለዚህ መዳብ ያለበት መድኃኒት አይረጭም፤ ውሃውም በመዳብ ዕቃ አይቀመጥም። እኛ የምንጠቀመው በፕላስቲክ ባልዲ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው፤ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ካለፈ በኋላ ያለውን።

ይህ የመዳብ ነገር ከዚህ ቀጥሎ ከምናገረው ጉዳይ ጋር በታሪክ የተያያዘ ነው፤ የኮምቦልቻ ሰዎች በተለይ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። በትሪኒዳድ ደሴት ካካዎ የሚያለሙ ገበሬዎች ለጥላ የሚተክሉት ዛፍ የእኛው የኮርች ወገን ነበር፤ በእነዚያ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ብሮሚሊያድ በብዛት ይበቅላል፤ አኖፌለስ ቤላቶር የሚባለው የወባ ትንኝ ደግሞ እንቁላሉን የሚጥለው በጽዋዎቹ ውሃ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወባው እጅግ በርትቶ ስለነበር ኮሊን ፒተንድሪግ የተባለ ወጣት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ተልኮ አጠና፤ ትንኙ በስንት ሰዓት፣ በዛፉ በየትኛው ከፍታ እንደሚናደፍ እየቆጠረ መዘገበ። መፍትሔ የሆነውም በዛፎቹ ላይ የመዳብ ሰልፌት ውሃ ረጭቶ ብሮሚሊያዶቹን መግደል ነበር። እኔ በስሕተት ያደረግሁትን እነርሱ አስበው አደረጉት። ፒተንድሪግ በኋላ ሕይወት ያላቸው ነገሮች በውስጣቸው ስለሚይዙት የቀንና የሌሊት ሰዓት በማጥናት ስሙ ገነነ። በደቡባዊ ብራዚልም እንዲሁ ስለ ወባ ሲባል ብሮሚሊያድ ከደን ላይ እንዲለቀም ተደርጓል።

እነዚያ ትንኞች በአፍሪካ የሉም። ይሁን እንጂ ይህ ቸል ለማለት ምክንያት አይሆንም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ የሚራባ የወባ ትንኝ ነው፤ የደንጊ ትኩሳት የሚያስተላልፈው ትንኝም ትንሽ የረጋ ውሃ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች፣ ወባ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በጎረቤቱ ሕፃን ላይ በሽታ የሚያመጣ አበባ ማንም ሊያሳድግ አይገባውም። ስለዚህ የስብስባችን ብቸኛ አስገዳጅ ደንብ ይህ ነው፦ በየአምስት ቀኑ የእያንዳንዱ ጽዋ ውሃ ተገልብጦ ወይም በአዲስ ውሃ ተጥለቅልቆ ይታጠባል። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ በሙቀት ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ አምስት ቀን ሳያልፍ የታጠበ ጽዋ ትንኝ አያወጣም። ለሳምንት ከቤት የሚርቅ ሰው ጽዋውን ባዶ አድርጎ ይሄዳል ወይም ለሌላ አባል አደራ ይሰጣል፤ ሥሩ ርጥበት ካለው ተክሉ ያለ ጽዋ ውሃ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ይህን ሁለት ጊዜ ቸል ላለ አባል ልጅ አንሰጥም። ጥብቅ ነው የሚሉን አሉ፤ እኔ አሁንም ልክ ነው እላለሁ።

ስለ አበባ ማስያዝ በየስብሰባው ስለምጠየቅ ጥቂት ልበል። ያደገ ተክል አላብብ ሲል በትልቅ ፌስታል ውስጥ፣ ጽዋው ባዶ ሆኖ፣ ከበሰለ ፖም ወይም ከበሰለ ሙዝ ጋር ለአንድ ሳምንት ወይም ለአሥር ቀን ታስሮ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የበሰለ ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ለብሮሚሊያድ የማበብ ጥሪ ነው፤ አበባው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ መሐሉ ላይ ብቅ ይላል። በአዞረስ ደሴቶች የመስታወት ቤት ውስጥ አናናስ የሚያለሙ ሰዎች ጢስ አናናሱን አንድ ላይ እንደሚያሳብበው ያስተዋሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነበር። የእኛ ሙዝ ነጋዴዎችም ጥሬ ሙዝ ዘግተው በጢስ ሲያበስሉ የሚሠሩት በዚሁ ጋዝ ነው። ነገር ግን ያልደረሰን ተክል አስገድዳችሁ አታሳብቡ፤ አበባው ትንሽ፣ ልጆቹም ደካማ ይሆናሉ።

የምንሰበሰበው በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን የመረጥነው የዓርብ ሶላትንም የእሑድ ቅዳሴንም እንዳይነካ ነው፤ በረመዳን ቡናው ይቀርና ከመግሪብ በኋላ እንገናኛለን፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ቆሎው ብቻ ይቀርባል። ቤቱ በየተራ ነው፤ አንድ ወር ደሴ፣ አንድ ወር ኮምቦልቻ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ተክል ይዞ ይመጣል፣ የመጣበትን ቁጥር ያነባል፣ የደረሰበትን ችግር ይናገራል። የታመመ ተክል ይዞ የመጣ ሰው ቆንጆ ይዞ ከመጣው ይልቅ ይከበራል፤ ሁላችንም የምንማረው ከእርሱ ነው። ተማሪዎች ሲመጡ እኔ የማሳያቸው አንድ ነገር አለ። ከአበባው ይልቅ የጽዋውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ በፀሐይ ላይ እይዝላቸዋለሁ፤ በዚያ ውስጥ የሚዋኘውን ጥቃቅን ፍጥረት ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ከመጽሐፍ አይወጣም።

ሁለት ነገር አናደርግም። የመጀመሪያው፣ ከዱር ተለቅሞ የመጣ መሆኑ የሚያጠራጥር ተክል አንገዛም። ቲላንድሲያ ዜሮግራፊካ የሚባለው ብርማ ተክል በመካከለኛው አሜሪካና በሜክሲኮ ከዱር ብዙ ስለተለቀመ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል፤ በየቤታችን ልጅ እየለየን ማባዛት እየቻልን የሌላን አገር ደን የምናራቁትበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው፣ የተረፈንን ልጅ በየጎፍ ደንም ሆነ በጦሳ ጥግ አንጥልም። ቅንጬ አረም በማሳችን ላይ፣ እንቦጭ በጣና ላይ ያደረጉትን አይተናል፤ ሁለቱም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ብሮሚሊያድ እንደ እነርሱ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ግን ያልተጠየቀ እንግዳን ደን ውስጥ ማስገባት የእኛ ሥልጣን አይደለም። የተረፈ ልጅ ካለ ፈላጊ ቤት እስኪገኝለት ድረስ እናቆየዋለን።

ዛሬ በዚህ ጠረጴዛ ዳርቻ ላይ የተደረደሩት በሃይላንድ የተተከሉ ትንንሾቹ ለእናንተ የመጡ ናቸው። ዋጋ የላቸውም። የሚወስድ ሰው በመዝገቡ ላይ ስሙንና ሰፈሩን ይጽፋል፤ ተክሉ አብቦ ልጅ ሲሰጠው አንዱን ልጅ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ለማን እንደሰጠም ይነግረናል። ደሴ የምትኖሩ ቢልቤርጂያውን ውሰዱ፤ ኮምቦልቻና ሐርቡ ያላችሁ ከጉዝማኒያውና ከባለብሩ ምረጡ። ወደ ታች በሚኒባስ የምትወርዱ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ጽዋውን እዚሁ ደጅ ላይ ገልብጣችሁ ባዶ አድርጉት፤ ተክሉንም ቅጠሉን ሳይሆን ማሰሮውን ይዛችሁ ጉልበታችሁ ላይ አስቀምጡት። እቤት ስትደርሱ፣ ዛሬ ማታ አታጠጡት፤ ነገ ጠዋት ይበቃዋል።